ድንቡሼን ማን ተረከበ?

እናቴ በሕይወት ሳለች ጣውንት ነበረባት። ጣውንቷ ሠላሳ ቶን ትመዝናለች፣ ናፍጣ ትጠጣለች፣ ከፊት እስከ ኋላ የወታደር አረንጓዴ ተቀብታለች፣ ስሟም ድንቡሼ ነው። አባቴ በሳምንት ስድስት ቀን ከእሷ ጋር ይውላል፤ በሰባተኛው ቀን ቤት ተቀምጦ የእሷን ወሬ ያወራል። እናቴ የቱታውን ዘይት በፈላ ውሃ እየፈተገች፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ተፋችብህ ይቺ ሴትዮ?» ትለዋለች። አባቴ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ጉንፋን ይዟታል፣ ማጣሪያዋ ተደፍኖ ነው» ይላል። እኔ ልጅ ስለነበርኩ የእውነት ሴት ትመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ወስዶ ሲያሳየኝ ቅር አለኝ፤ ቢያንስ ቆንጆ ትሆናለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

ድንቡሼ ሎኮሞቲቭ ናት። ከከተማ ከተማ እያፏጨች የምትበረው ዓይነት አትምሰላችሁ። የጦር ሠራዊቱ የጥይት ግምጃ ቤት ግቢ ውስጥ ፉርጎ ስትገፋ፣ ፉርጎ ስትጎትት፣ የመጣውን ከሚሄደው ስትለይ ዕድሜዋን የጨረሰች አጭርና ወፍራም ማሽን ናት። ሰው ሮጥ ሮጥ ቢል ይቀድማታል። የምትገፋው ዛጎልና ባሩድ ስለሆነ መቸኮል የሚባል ነገር አልነበረም። አባቴም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከመስኮቷ አንገቱን አውጥቶ «ቀስ በል! ቀስ በል!» ሲል ስለኖረ ቅጽል ስሙ «ቀስ በል» ሆኖ ቀረ። ሰፈር ውስጥ እኔም እስካሁን የቀስ በል ልጅ ነኝ፤ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ፣ የራሴ የልብስ ስፌት ቤት ኖሮኝም።

ግምጃ ቤቱ ከተዘጋ ሃያ ሦስት ዓመት ሆነው። ድንቡሼን ወደ ሙዚየም አስገቧት። ትልቅ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ውስጥ፣ አሥራ ሁለት ሜትር ሐዲድ ዘርግተው፣ ከፊትም ከኋላም የብረት ግንድ አቁመው፣ ከመንኮራኩሮቿ ስር ሽብልቅ ወትፈው አስቀመጧት። ከጎኗ ደግሞ «በጦር ግንባር አኩሪ ታሪክ የሠራች ሎኮሞቲቭ» የሚል ሰሌዳ ተከሉ። አባቴ ሰሌዳውን መጀመሪያ ያነበበ ቀን መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አነበበው። «ከግቢው በር ወጥታ አታውቅም እኮ» አለ። «አንድ ጊዜ ቀለም ልትቀባ ወጥታለች። እሱም በጭነት መኪና።»

ያኔ ጡረታ ወጥቶ ስለነበር ነገሩ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። አላበቃም። ከዚያች ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት አውቶቡስ እየቀያየረ ሙዚየም ይሄዳል። ማንም አልጠራውም፣ ማንም አላዘዘውም። ቱታውን ይለብሳል፣ አራቱን የብረት መወጣጫ ይወጣል፣ ኮፈኗን ይከፍታል። ከዚያ ረጅም የብረት ዘንግ ያስገባና ሞተሯን በእጁ ሩብ ዙር ያዞረዋል። ሳይዞር ከቆየ ብረቱ እርስ በርሱ ይጣበቃል ነው የሚለው። ዘይቷን ያያል፣ አቧራዋን ያራግፋል። መጨረሻ ላይ ካቢናዋ ውስጥ ይገባና የእጅ ፍሬኗን፣ እንደ መሪ የምትዞረዋን ክብ ብረት፣ ይፈትሻል። ላላ ካለች ያጠብቃታል። ጠብቃ ካገኛትም አላልቶ አጥብቆ ያያታል።

«አባዬ» አልኩት አንድ ጊዜ፣ «ሞተሩስ ይሁን። ፍሬኑ ምን ያደርጋል? አሥራ ሁለት ሜትር ሐዲድ ላይ፣ በሁለት ግንድ መሃል ታስራ፣ የት እንዳትሄድብህ ነው?»

«ፍሬን ነው» አለኝ። ሌላ ማብራሪያ የለም። አባቴ ሲጠይቁት ግንባሩን ቋጥሮ አንድ ቃል ይወረውራል፤ ከዚያ በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

ባለፈው ዓመት፣ ሰማንያ ከሞላው በኋላ፣ ከሁለተኛው መወጣጫ ተንሸራቶ ወደቀ። ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰነጠቀ። ሐኪሟ የራጅ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅላ እያሳየችው፣ «ከእንግዲህ ደረጃ የሚባል ነገር የለም» አለችው። እሺ ብሎ አንገቱን ነቀነቀ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። በስድስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ቱታውን ለብሶ በሩ ላይ አገኘሁት። «ሐኪሟ ምን አለችህ?» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ደረጃ ነው ያለችው። ያ መወጣጫ ነው።»

ከዚያ ወዲህ እኔም ተከታይ ሆንኩ። ምን ላድርግ? ብቻውን ልኬው ሬሳውን ልቀበል? ሳምንቱን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ እውላለሁ፤ እግሬ ያብጣል፣ ዓይኔ ይቃጠላል። ቅዳሜ አንድ ቀን ጋደም የምልበት ነበር። እሱንም ድንቡሼ ወሰደችብኝ። አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ፣ ክንዱን ይዤ፣ ሙዚየም ስንደርስ ከታች ሆኜ ወገቡን ደግፌ አወጣዋለሁ። ሲወርድም እንዲሁ። እናቴን አሁን ነው የገባኝ። ወንድሜ ሌላ ከተማ ነው ያለው፤ በየሳምንቱ ይደውልና፣ «አባባን አንድ ነገር ማድረግ አለብን እኮ» ይለኛል። በኛ ቤት ሰዋስው «ማድረግ አለብን» ማለት «አድርጊ» ማለት ነው።

አንድ ቀን ዓይኔን በጨው ታጥቤ የሙዚየሙ ዳይሬክተር ቢሮ ገባሁ። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። «እባክህን አባቴን ከልክልልኝ» አልኩት። «በር ላይ ጥበቃው ይመልሰው። አንተ ከከለከልከው መንግሥት ከለከለኝ ብሎ ይተዋል። እኔ ብከለክለው አይሰማኝም።»

ዳይሬክተሩ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እንዴት ብዬ ነው አባባን የምከለክላቸው? ይልቅ በክብር እናሰናብታቸው» አለኝ። የምስጋና ወረቀት አዘጋጃለሁ፣ ሠራተኛው በሙሉ ይሰበሰባል፣ በይፋ እንረከባቸዋለን፣ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ያርፋሉ፤ እንዲህ ነበር ሐሳቡ። ጥሩ ሐሳብ መሰለኝ። ለአባቴ ካፖርቱን አጠበብኩለት፤ ሰውነቱ ከስቶ ሰፍቶት ነበር።

ዝግጅቱ ድንቡሼ ፊት ለፊት ሆነ። ወንበር ተደረደረ፣ ማይክሮፎን ቆመ። ዳይሬክተሩ ጥሩ ንግግር አደረገ፤ ሃያ ሦስት ዓመት፣ ትጋት፣ ቅርስ፣ ትውልድ፣ ምኑ ቅጡ። በመጨረሻ ወረቀቱን ለአባቴ ሰጠውና ወደ ሰዉ ዞሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አባባ ከዛሬ ጀምሮ ይረፉ። ድንቡሼን እኛ ተረክበናል!» አለ።

ተጨበጨበ። አባቴ አላጨበጨበም። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠብቆ፣ «እኛ ማን ነው?» አለ።

ሰው ሳቀ። ዳይሬክተሩም ፈገግ ብሎ፣ «ሁላችንም ነና አባባ። ሙዚየሙ» አለው።

«ሙዚየሙ ፍሬን ይይዛል?»

አሁን የሳቀው ግማሹ ሰው ብቻ ነው። አባቴ የምስጋናውን ወረቀት ያዢልኝ ብሎ ለእኔ ሰጠና፣ በዚያ ባጠበብኩለት ካፖርት፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየው፣ መወጣጫውን መውጣት ጀመረ። ቅዳሜ ነበራ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን መሬቱ ሲሚንቶ ነው፤ ከኋላው ሄጄ ወገቡን ደገፍኩት።

ስንመለስ ሁለተኛው አውቶቡስ ዘገየ። ማቆሚያው ጋ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ደሜ ፈልቷል። አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ጮህኩ። «አዋረድከኝ! ሰውዬው አክብሮ ጠራህ፤ አንተ ነገር ትጠመዝዛለህ! እናቴን ከእሷ ጋር ስታሻማ ኖርክ፤ አሁን ደግሞ እኔን። እግሬን እየው! ለአንድ ብረት ብለህ እኔን ልትገድለኝ ነው ወይ?» አጠገባችን የነበረች ሴት ዘንቢሏን ይዛ ራቅ አለች።

አባቴ እግሬን አየ። ከዚያ፣ «ደክሞኛል፣ ልጄ» አለ።

ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። እናቴን በቀበርንበት ቀን እንኳ አላለውም። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም።

«እና ለምን አትተወውም?»

«ማን ተረከበኝና?»

የዚያን ጊዜ ነው የነገረኝ። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ተረኛ ሲቀያየር ደንብ አለው። ተራውን የጨረሰው፣ ወጪው፣ ካቢናዋ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። ገቢው ተረኛ መወጣጫውን ይወጣል፣ ዘይት ያያል፣ ፍሬን በእጁ ይይዛል። ወጪው «አስረክቤያለሁ» ይላል፣ ገቢው «ተረክቤያለሁ» ይላል። ያቺ ቃል ካልተባለች ወጪው ከካቢና አይወርድም፤ ቢርበውም፣ ቢመሽበትም። ከተባለች ደግሞ አበቃ፤ ከዚያ በኋላ «ፍሬኑን ይዘሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የተረከበ ሰው አይጠየቅም።

«ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አለኝ። «ነጂ በዛና ለጊዜው ሁለት ሁለት አድርገው መደቡን። ከጓደኛዬ ጋር አብረን ወጣን። ወሬ ይዘናል፣ እንስቃለን። ወጪው ‘አስረክቤያለሁ’ አለ። እኛም እየሳቅን፣ ሁለታችንም አንድ ላይ፣ ‘ተረክበናል’ አልን። ሰውዬው ፍሬኑን አላልቶልን ሄደ፤ ወዲያው ይንቀሳቀሳሉ ብሎ ነዋ። እኛ ጓንት ረስተን ተመልሰን ወረድን። እኔ እሱ የያዘው መሰለኝ። እሱ እኔ የያዝኩት መሰለው።»

ድንቡሼ ሞተሯ ሳይነሳ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ አርባ እርምጃ ያህል በራሷ ተንሸራተተች። ፉርጎና ፉርጎ የሚያያይዘው ሠራተኛ ጀርባውን ሰጥቶ መንጠቆ እያጸዳ ነበር። ከፉርጎው ጋር አጣበቀችው። በማግሥቱ ሞተ።

«መርማሪዎች መጡ። አለቃችን ልጆቼ አይበላሹብኝ ብሎ ነው መሰለኝ፣ ‘የፍሬን ብልሽት’ ብሎ አስጻፈ። እኛ ምንም አልሆንን። ፍሬኗ ግን ደህና ነበር። ምንም አልነካትም። ወረቀት ላይ እስከ ዛሬ ጥፋተኛዋ እሷ ናት።» መዳፉን ጉልበቱ ላይ አሸት አሸት አደረገ። «ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ ‘ተረክበናል’ የሚባል ቃል ተከለከለ። ሁለት ሆነህ ብትወጣ እንኳ አንዱ ነው የሚረከበው። ‘እኔ’ ብሎ። ግምጃ ቤቱ የተዘጋ ዕለት ካቢናው ውስጥ ቆሜ ጠበቅኩ። ዝርዝር የያዘ መኮንን መጣ፤ ከታች ሆኖ ቁጥሯን አየ፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ፣ ሄደ። ማንም ወደ እኔ አልወጣም። ፍሬኗን ጥርቅም አድርጌ ይዤ ወደ ቤት መጣሁ። እና እስካሁን ተረኛ ነኝ።»

አውቶቡሱ መጣ። አልተነሳንም። ሌላ ነገር ከመጠየቅ ይልቅ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ «ያን ቀን ስለ ምን ነበር የምትስቁት?» አልኩት።

«ስለ አንቺ» አለኝ። «በዚያው ሳምንት ነው የተወለድሽው። ስታስነጥሺ እንደ ትልቅ ሰው ታስነጥሻለሽ ብዬ አስመስዬ እያሳየሁት ነበር።»

የሚቀጥለው ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ሐሳቤን ቆርጬ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ሐሳቤ ተንኮል ነበር። የሚፈልገው አንዲት ቃል ናት፤ ቃሏን እልለታለሁ፣ ይወርዳል፣ ያርፋል፣ እኔም ጋደም እላለሁ። ከብረቷ ጋር ምንም ጉዳይ የለኝም። ቀሚሴ እንዳይበላሽ የወንድሜን አሮጌ ሱሪ ለበስኩ። አባቴ ሱሪውን ከላይ እስከ ታች አየ።

አንድ በአንድ ወጣን፣ እኔ ከኋላ እየደገፍኩት። ካቢናዋ ውስጥ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይተሻሽ አይቆምም። ግራሶና ያረጀ ናፍጣ ይሸታል፤ ልጅ ሆኜ የአባቴ አንገት የሚሸተው ሽታ ነው። መቀመጫዋ ላይ ያለው ቆዳ ተቀድዶ በእጅ ተሰፍቷል። የእናቴን ስፌት የትም አውቀዋለሁ፤ ጣውንቷን ሰፍታላታለች ለካ። «አልነገርሽኝም» አልኩ በሆዴ።

አባቴ ለልጁ ብሎ ያቀለለው ነገር የለም። ዘይቱን በመለኪያው አሳየኝና «ስንት ይላል?» አለኝ። ዘንጉን ሰጠኝ፤ ሞተሩን ሩብ ዙር እስካዞረው ወገቤ ተቆረጠ። በዚህ ዕድሜው ይህን ይሠራ ነበር ወይ ብዬ ገረመኝ። ከዚያ ፍሬኑን ያዢ አለኝ። አዞርኩት። «ፍቺው» አለኝ። ፈታሁት። «እንደገና።» አራት ጊዜ አስደገመኝ። «መቼ እንደያዘ በምን አውቃለሁ?» ብለው፣ «እጅሽ ይነግርሻል። ክር ሲጠብቅ ማን ነው የሚነግርሽ?» አለኝ። አምስተኛው ላይ ነገረኝ።

አባቴ ጀርባውን ቀና ለማድረግ ሞከረ፤ የቻለውን ያህል ቀና አለ። እኔን አላየም፤ ፊት ለፊት በመስኮቱ ወደ ብረት ግንዱ ነበር የሚያየው። የማላውቀው የወጣት ድምፅ ወጣው። «አስረክቤያለሁ» አለ።

አፌን ከፈትኩ። ቀላል ናት ያልኳት ቃል ከበደችኝ። እጄ አሁንም ፍሬኑ ላይ ነበር። «ተረክቤያለሁ» አልኩ።

አባቴ ወደ መወጣጫው ዞረ። ሲወርድ ፍሬኑን መልሶ አላየውም። አውቶቡስ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኛ፤ ሁለተኛው ላይም ተኛ፤ ቤት ደርሶም በጠራራ ፀሐይ እስከ ማምሻው ድረስ ተኛ። እስትንፋሱን ሁለት ጊዜ ሄጄ አዳመጥኩ።

ሳምንቱ አለፈና ቅዳሜ መጣ። አባቴ ቁርሱን በላ፣ ደጃፍ ወንበሩን አወጣ፣ ጋዜጣውን ዘረጋ። ቱታው ምስማር ላይ ተሰቅሏል። እኔም እንደተመኘሁት ጋደም አልኩ። ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። ከጠየቀኝ «ደህና ናት» ብዬ ልዋሽ ተዘጋጅቻለሁ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አልጠየቀም። አራት ሰዓት ሆነ። ተነስቼ ማሽኔ ላይ ተቀመጥኩ፤ አንድ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ፣ ፈታሁት፣ መልሼ ገልብጬ ሰፋሁት። አባቴ ጋዜጣውን ገለጠ። የተረከበ ሰው አይጠየቅማ። ምነው ቢጠይቀኝ! ያን ጊዜ ነበር የተናደድኩት፤ በማን እንደሆነ እንጃ። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በፊቱ ሳልፍ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ሁለት አውቶቡስ። አራት መወጣጫ። ዘይቷ ደህና ነበር። ሞተሯን አዞርኩ፤ ወገቤም እንደጠበቅኩት አመመኝ። ፍሬኗን ስይዛት ግን እጄ ነገረኝ፤ ግማሽ ዙር ላልታለች። ጎብኚዎች ፎቶ ሲነሱ እየያዙ ያዞሯታል። አሥራ ሁለት ሜትር ሐዲድ ነው፣ ሁለት ግንድ አለ፣ ሽብልቅ አለ፤ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እስክትይዝ ድረስ አጠበቅኳት።

ስወርድ ከታች አንድ የማላውቀው ሠራተኛ ቆሟል። አዲስ ነው፤ የቅርስ ዝርዝር ይዞ ዕቃ ለዕቃ እየዞረ ይመዘግባል። ከእኔ እጅ ግራሶ ወደ ዝርዝሩ፣ ከዝርዝሩ ወደ እኔ አየ።

«እትዬ፣ እዚህ ላይ ‘የሚከታተላት’ የሚለው ቦታ ባዶ ነው» አለኝ። «ጥበቃው የእናንተ ቤተሰብ ነው ብሎኛል። ቤተሰቡ ብዬ ልሙላው?»

ደክሞኝ ነበር። «አዎ፣ እኛ ነን» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር።

«አይ» አልኩት። «እኔ ነኝ። እኔ ብለህ ጻፍ።»